ወደ ሐጂ ግቢ የሚከፈተው በር

ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይ አናት እየበሳች፣ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ የራሰ አፈር ሽታ ድንገት አፍንጫችሁን ሞልቶት ያውቃል? ብዙ ሰው በዚህ ሽታ ደስ ይለዋል። እኔን ግን ከመቀመጫዬ ያስነሳኛል። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ልጄ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ሳለ የመንገዱ የውሃ ቧንቧ ፈነዳና ውሃው የጋለውን አቧራ ሲመታው ያ ሽታ መጣ። ልጄ "ምነው እማዬ፣ ምን ሆንሽ?" ስትለኝ ነው ብድግ ማለቴን ያወቅኩት። ቆሜያለሁ፤ አንድ እጄ የበሩን እጀታ ጨብጧል። ከዚያ ወዲህ ያ ዘመን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። አስተማሪ ነበርኩና፣ በአእምሮዬ የሚመላለስ ነገር ካለ ለሰው ካላስረዳሁት አይለቀኝም።

ወጣት ነበርኩ። ሐረር የመምህራን ትምህርቴን ጨርሼ፣ ሁለት ነጭ ሸሚዝ፣ ሰማያዊ ጉርድ ቀሚስና የሸራ ጫማ በቆርቆሮ ሳጥን ይዤ በደንገጎ ተራራ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ ድሬ ወረድኩ። ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ እጠራጠራለሁ፤ ጃንሆይ ለዘላለም የሚነግሡ የሚመስልበት ጊዜ ነበር፣ ይበቃል። የማልጠራጠረው ሌላውን ነው። ከባቡር ጣቢያው እስከ መጋላ ጋሪ አሥር ሳንቲም ነበር፤ ባለጋሪው ሳጥኔን አይቶ "ይሄስ ለብቻው ይክፈል" ብሎ አሥራ አምስት ተቀበለኝ። በሁለት እጅ የሚታቀፍ ፓፓያም አሥር ሳንቲም ነበር። በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ቁምጣቸውን በካውያ ያስተኮሱ የባቡር ሠራተኞች በብስክሌት ይመላለሳሉ፤ ደወላቸውን የሚደውሉት መንገድ ለማስለቀቅ ሳይሆን ሰላምታ ለመስጠት ነው። ማታ ማታ ከአንዱ ሻይ ቤት የሶማሊኛ፣ ከሌላው የዓረብኛ ዘፈን ይወጣና መንገዱ መሐል ይደባለቃል፤ ሰውም ሁለቱንም እኩል ያንጎራጉራል። ዛሬ ያ መንገድ በባጃጅ ተሞልቶ፣ ለማንጎራጎር አይደለም ለመነጋገርም አይመችም።

ድሬን ለማያውቅ እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። ደቻቱ ወንዝ ይባላል እንጂ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የለበትም። ከተማዋን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፍ ሰፊ አሸዋ ነው፤ በአንድ በኩል ጣቢያውና ቀጥ ቀጥ ያሉት የከዚራ መንገዶች፣ በሌላው በኩል ገበያውና የመጋላ ጠባብ መተላለፊያዎች። ያን ጊዜ ሰው አሸዋውን እንደ አውራ ጎዳና ይጠቀምበት ነበር። ከጀልዴሳ የመጣ ፍየል እዚያ ይሸጣል፣ እንጨት የጫነ ግመል እዚያ ይንበረከካል፣ ተማሪዎቼ እዚያ ኳስ ይራገጣሉ። ውሃ የቸገረው ሰው አሸዋውን ይምሳል፤ ትንሽ ታግሶ በጣሳ ይቀዳል። ጎርፉ የሚመጣው ታዲያ ድሬ ላይ ሲዘንብ አይደለም። ከበላያችን ያለው ተራራ ላይ ሲዘንብ ነው። እኛ በፀሐይ እየነደድን፣ ደመና የሚባል ሳናይ፣ ውሃው ከተራራ ወርዶ ከተማ መሐል ሊገኝ ይችላል። ደራሽ የተባለው ለዚህ ነው፤ እንግዳ እንደሚደርስ ሳይጠሩት ይደርሳል።

የተከራየሁት ክፍል እማማ ዘውዴ የሚባሉ መበለት ግቢ ውስጥ፣ በመጋላ በኩል፣ ልክ አሸዋው አፋፍ ላይ ነበር። ባለቤታቸው ባቡር ነጂ ነበሩ። እማማ ቀኝ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በዱላ ነው የሚሄዱት፤ ምላሳቸው ግን ዱላ አያሻውም። የመጀመሪያ ቀን "እርስዎ" እያልኩ ባነጋግራቸው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ከየት ነሽ?"

"ከአንኮበር ነኝ።"

"እንግዲያው ይሄን እርስዎን አንኮበር መልሰሽ ላኪው። ድሬ ይሞቃል፤ ከባድ ነገር አንለብስም።"

እኔ ግን ልማዴ አልለቀኝ ብሎ እስከ መጨረሻው እርስዎ አልኳቸው፤ እሳቸውም እስከ መጨረሻው ሳቁብኝ። ግቢያቸውን ያየ ሰው ሌላ ቦታ መኖር አይፈልግም ነበር። ፓፓያ፣ ሎሚና ጊሽጣ አለ። በስተጥግ ቲማቲምና ሽንኩርት፣ ሦስት ፍየሎች፣ ቁጥራቸውን እሳቸው ብቻ የሚያውቁት ዶሮዎች። ጉድጓዱ ጥልቅ አልነበረም፤ አሸዋው ያጣራውን ውሃ በአጭር ገመድ ይቀዱታል። ማሽላ ከቢዮ አዋሌ የምትመጣ ወዳጃቸው በሎሚ ትለውጥላቸዋለች። ከሱቅ የሚገዙት ጨው፣ ስኳር፣ ላምባና ክብሪት ነበር፤ ስኳሩንም ቢሆን "ለእንግዳ እንጂ ለኔ አይደለም" ይላሉ። የባቡር ቀን ሲሆን፣ ከጂቡቲ የመጣው መንገደኛ ጣቢያ ወርዶ ወደ መጋላ ሲሻገር አሸዋው ላይ ይጠማል፤ እማማ ፓፓያቸውን በቅርጫት ይዘው ደጃፋቸው ላይ ይቀመጡና ቅርጫቱን ባዶ አድርገው ይገባሉ።

በዚያ ዓመት ለተማሪዎቼ "የሰፈራችን ጥናት" የሚል ሥራ ሰጠሁ። መጽሐፉ ስለ ሩቅ አገር እሳተ ገሞራና ባሕር ያወራል፤ እኔ ደግሞ ልጁ የቆመበትን መሬት ሳያውቅ ሩቁን ምን ያደርግለታል ባይ ነበርኩ። ጥናቱ ሁለት ጥያቄ ነበረው። በሰፈራችን ላይ ምን አደጋ ሊመጣ ይችላል? ባቡር መምጣቱን ቢያቆም በምን እንኖራለን? ልጆቹ ተከፋፍለው ዞሩ። ወባ የሚራባበትን ረግረግ፣ ጊንጥ የሚወጣበትን የድንጋይ ካብ፣ እሳት ቢነሳ የሚቀጣጠሉትን ጎጆዎች አዩ። አሮጊት ሽማግሌ ጠይቀው ጎርፍ እስከየት ደርሶ እንደነበር በየግድግዳው በከሰል አሰመሩ። አደጋውን በቀይ፣ የሚበላውንና የሚጠጣውን በአረንጓዴ እርሳስ ቀባንና ካርታውን ክፍላችን ውስጥ ለጠፍነው። ከመስጊዱ በላይ ያለው ድንጋያማ ቦታ ቀይ የለበትም፤ አረንጓዴም የለበትም። ወደ አሸዋው በወረድን ቁጥር አረንጓዴው እየበዛ፣ ቀዩም አብሮ እየበዛ ይሄዳል። አፋፉ ላይ ቀዩና አረንጓዴው ተደራርቦ ቡናማ የሆነ አንድ ቤት ነበር። የምተኛበት ቤት ነው።

ለእማማ በዚያው ዕለት ነገርኳቸው። ቲማቲም እያጠጡ ነበር።

"እማማ፣ ይሄን ቤት መልቀቅ አለብዎት።"

"የት ልሄድ?"

"ወደ ላይ፣ ከመስጊዱ በላይ። እዚያ ጎርፍ አይደርስም።"

"እዚያ ምን ይበቅላል?"

"ምንም።"

"ውሃስ?"

"የለም።"

"ታዲያ ከጎርፍ አድነሽ በረሃብ ልትገድይኝ ነው?" ጣሳቸውን አስቀመጡና ጉልበታቸውን አሸት አሸት አደረጉ። "ሁለት ጥያቄ ነው የጠየቅሽው አይደል? ለአንዱ ብቻ መልስ ይዘሽ አትምጪ።"

ይህ ነገር አብሮኝ ሰነበተ። ፋሲካ እንዳለፈ ከደንገጎ ኋላ ደመና መቆለል ጀመረ። ከእኛ ዘንድ ሰማዩ ሰማያዊ፣ ተራራው ጀርባ ግን ጥቁር። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ውሃ መጣ፤ ኃይለኛ አልነበረም፣ አሸዋውን ሞልቶ ደጃፋችን ድረስ መጥቶ፣ መድረኩን ልሶ ተመለሰ። እማማ ወንበራቸው ላይ ሆነው አዩት።

"አየሽ? ሰላምታ ሰጥቶኝ ሄደ። ባለቤቴ እያለም እንዲህ ነበር። ደጅ ድረስ ይመጣል፣ አይገባም።"

እኔ ግን መድረኩ ላይ የተወውን ጭቃ እያየሁ ሌላ ነገር ታየኝ። እስከዚያ ድረስ የጠየቅነው ውሃው እስከየት ይደርሳል ብለን ነው። ሰው በየት በኩል ይወጣል ብለን አልጠየቅንም። አፋፉ ላይ የነበሩት ቤቶች ሁሉ አሠራራቸው አንድ ነው። አሸዋው መንገድ ስለሆነ፣ ገበያውም መንገደኛውም በዚያ ስለሚያልፍ፣ በራቸው ወደ አሸዋው ይከፈታል። ከኋላ ሌላ መውጫ የለም፤ ሌባ እንዳይገባ፣ የጎረቤትም ገመና እንዳይታይ ድፍን የድንጋይ ግንብ ነው። ቤቱ ሁሉ ፊቱን ለሚበላው አዙሮ፣ ጀርባውን ለሚያድነው ሰጥቶ ተቀምጧል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ጎርፉ ቢመጣባቸው የሚወጡት ወደ ጎርፉ ነው።

ከኛ ግንብ ጀርባ የሐጂ ዑመር ግቢ ነበር፤ መሬቱ ከኛ ከፍ ብሎ፣ በደረጃ ወደ ላይኛው መንገድ ይወጣል። ሐጂ ሶማሌ ናቸው፤ መጋላ ውስጥ ጨርቅ ይነግዳሉ። በግንቡ በር ቢከፈት ነገሩ ያልቅ ነበር። እማማ ግን አልጠይቅም አሉ።

"እኔና ሐጂ ጥሩ ጎረቤት የሆንነው ግንብ መካከላችን ስላለ ነው። ምን አጣላን?"

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ ሱቃቸው ሄድኩ። ፖፕሊኑ፣ ካኪው፣ የሴቶቹ ቀጭን ሻሽ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል።

"ሙአሊማ!" አሉኝ፤ አስተማሪ ማለታቸው ነው። "ለቀሚስ ነው?"

"አይደለም ሐጂ። ለበር ነው።"

"በር አልሸጥም።"

ስለ ጎርፉ፣ ስለ እማማ ጉልበት፣ ስለ ግንቡ አስረዳኋቸው። አላቋረጡኝም፤ ጨርሼ ስመለከታቸው ሜትሩን ትከሻቸው ላይ ጥለው አንገታቸውን እየነቀነቁ ነው።

"ሚስቴ ፀጉሯን ፈትታ በምትቀመጥበት ግቢ መንገድ ላውጣ?"

"መንገድ አይደለም። ለጎርፍ ቀን ብቻ ነው።"

"በር ካለ ጎርፍ ለብቻው አይመጣም አቦ። ዶሮ ይመጣል፣ ፍየል ይመጣል፣ ከፍየሉ ኋላ ደግሞ ፍየል ፈላጊ ይመጣል። አይሆንም።"

አዝኜ ወጣሁ። ጥቂት ቀን ቆይቶ ግን ሐጂ ራሳቸው በአሸዋው በኩል ዞረው ደጃችን መጡ። ሚስታቸው ሐሊማ ሰምታ ኖሯል። ሐሊማ ያን የሶማሌ ሴቶች ልብስ፣ ጉንቲኖዋን፣ በትከሻዋ ቋጥራ ስትሄድ ሱቅ የሚያዘጋ ቁመና ነበራት፤ ዝምታዋ ግን ከንግግሯ የበለጠ ይፈራል።

"ምሳ በቀረበልኝ ቁጥር ስለ በር ነው" አሉ ሐጂ። "ሩዙን ታስቀምጣለች፣ 'ዘውዴ ብትሞትስ?' ትላለች፣ ትሄዳለች። እንዴት ልብላ? እሺ፣ በሩ ይከፈት። መቀርቀሪያው ግን በእኔ በኩል ይሆናል። ከእኔ ቤት ሰው ካልከፈተው አይከፈትም። ዘውዴም ትምላለች።"

እማማ ፊታቸው ጠቆረ። እንደ ሌባ መማል አልለመዱም። ከመቀመጫቸው ተነስተው፣ ዱላቸውን ተደግፈው፣ "በባለቤቴ አፅም ይሁንብኝ፣ ካልተከፈተልኝ ያን በር በጣቴ አልነካውም" አሉ።

እኔ ተከራከርኩ። መሸሻ በር መቀርቀሪያው በሚሸሸው ሰው በኩል ካልሆነ በር ሳይሆን ልመና ነው አልኩ። ሐጂ ፈገግ አሉ። "አንቺ ለጎርፉ ቀን ታስቢያለሽ ሙአሊማ። እኔ ለቀረው ቀን ሁሉ አስባለሁ።" አናጢ መጣ፣ ግንቡ ተፈለፈለ፣ ወደ ሐጂ ግቢ የሚከፈት ጠባብ በር ቆመ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለኔ የጭንቀት ነበር። ማታ ማታ፣ ራት ከተበላ በኋላ፣ ከግንቡ ማዶ የሐጂ ድምፅ ይሰማል፦ "ሐሊማ፣ ቀርቅረሻል?" እሷም "ቀርቅሬያለሁ!" ትላለች። እማማ ይህን ሲሰሙ "ተመስገን፣ ሐጂ ዛሬም ከዶሮዬ ተረፈ" ብለው ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። ከሰዓት በኋላ የሐጂ ወዳጆች ጫታቸውን ይዘው ለበርጫ ይሰበሰባሉ፤ ሬዲዮኑ እስከ ላይ ይከፈታል፤ በዚያ ሰዓት ግንብ ቢፈርስ የሚሰማ የለም። ጠዋት ክፍል ከመግባቴ በፊት ደንገጎን አያለሁ፤ ስወጣ ደንገጎን አያለሁ። ተማሪዎቼ አንገቴን ተመልክተው "መምህርት፣ አንገትሽን አሞሽ ነው?" ይሉኛል።

ቀኑ የባቡር ቀን ነበር። ሙቀቱ ዶሮዎቹን ሳይቀር ምንቃራቸውን አስከፍቶ ጥላ ሥር አስተኝቷቸዋል። እኔ ከጊሽጣው ሥር ተቀምጬ የልጆቹን ፈተና አርማለሁ። ከሐጂ ቤት ሬዲዮኑ ይጮሃል። በዚህ መሐል ከሩቅ ጉምጉምታ ተሰማ፤ ከባድ፣ መሬቱን በቀስታ የሚያንቀጠቅጥ። ይህን ድምፅ ድሬ ውስጥ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ባቡር ነው።

"ዛሬ ደግሞ ቀደመ" አሉ እማማ። ፓፓያቸውን ቅርጫት ውስጥ መደርደር ጀመሩ። እኔም ቀና ሳልል "አዎ፣ ቀደመ" አልኩ።

መጀመሪያ ያቆሙት ፍየሎቹ ናቸው፤ ማመንዠካቸውን። ከዚያ ሽታው መጣ። ያ የራሰ አፈር ሽታ። ሰማዩን ቀና ብዬ አየሁት፤ ሰማያዊ ነው። ደንገጎን ልይ ብዬ ዞርኩ፤ ጥቁር ነው። ጉምጉምታው ከጣቢያው በኩል እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ከላይ ነው፤ ከአሸዋው ላይኛ መታጠፊያ። ዘወር ስል እማማ ቅርጫታቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው የአሸዋውን በር ከፍተዋል፤ አንድ እግራቸው ውጭ ነው።

"እማማ! ይመለሱ!"

"ምን ሆነሻል? መንገደኛው ሳይቀድመኝ..."

ከመታጠፊያው ላይ ብቅ አለ። ሰዎች ሲያወሩ እንደ ግንብ ቁሞ መጣ ይላሉ፤ እኔ ያየሁት እንደዚያ አልነበረም። ከወገብ አይበልጥም። ግን ውሃ አይመስልም፤ የሚሄድ ጫካ ይመስላል። ግንድ፣ የግራር እሾህ፣ የአንድ ሰው ጣሪያ ከነቆርቆሮው፣ ሁሉም እየተፋጨ። አሸዋው ላይ የነበሩ ሰዎች ወደ ሁለቱም ዳር ይሮጣሉ። እማማን በቀሚሳቸው ጎትቼ አስገባሁና በሩን ቀረቀርኩት። ፓፓያዎቹ ከደጅ ቀሩ። ወዲያው ውሃው በበሩ ሥር፣ ቀጥሎም በግድግዳው ስንጥቅ ቡናማ ሆኖ ገባ።

ኋለኛው በር ደረስን። አንኳኳሁ። ሬዲዮኑ ይዘፍናል። ድንጋይ አንስቼ መቃኑን መታሁ። ጫማዬ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ቁርጭምጭሚቴ።

"ሐጂ! ሐሊማ!"

ማንም የለም። ትከሻዬን ላስጠጋ ስል እማማ ክንዴን ያዙኝ።

"አትግፊው። ምያለሁ።"

"እማማ፣ ውሃው!"

"በባለቤቴ አፅም ነው የማልኩት። አንኳኪ።"

"አይሰሙም እኮ!"

"እንግዲያው አጥብቀሽ አንኳኪ።"

ውሃው የእሳቸው ጉልበት ደርሷል፤ ያ የታመመው ጉልበት መታጠፍ ጀምሯል። ከኋላችን የአሸዋው በር ከነመቃኑ ተሰነጠቀ። ያን ጊዜ የማምንበትንና የማላምንበትን የምለይበት ጊዜ አልነበረኝም፤ አንድ ነገር ብቻ ትዝ አለኝ።

"እኔ አልማልኩም" አልኩ፤ ባለኝ ኃይል በሩን በትከሻዬ መታሁት።

በሩ እንደ መጋረጃ ሄደ። በግንባሬ ሐጂ ግቢ ውስጥ ወደቅኩ። መቀርቀሪያው የለም፤ ማለት ቦታው ላይ ተንጠልጥሏል እንጂ አልተቀረቀረም። ሐሊማ ፀጉሯን ስትታጠብ ኖሮ ውሃ እያንጠባጠበች፣ ሻሿን በእጇ ይዛ እየሮጠች ትመጣለች።

"ክፍት ነው! ክፍት ነው እኮ! ለምን ታንኳኳላችሁ?"

ፍየሎቹ በላዬ ዘለው ገቡ። እማማ ግን መድረኩ ጋ ውሃ ውስጥ ቆመዋል። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ የቤቱ ሰው አልከፈተላቸውም። ሐሊማ አየቻቸው፤ መሐላውን ታውቃለች።

"ዘውዴ፣ ግቢ አቦ! የሠርግ ጥሪ ነው የምትጠብቂው?"

ሐጂ ጉንጫቸው በጫት ተወጥሮ ደረሱ። የሚስታቸው የተፈታ ፀጉር፣ መሬት ላይ የተዘረጋች አስተማሪ፣ ሦስት ፍየሎችና ዶሮ፤ የፈሩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ፊታቸው ቆሟል። በአጠገቤ አልፈው ውሃው ውስጥ ገቡ፣ ጎንበስ ብለው እማማን ጀርባቸው ላይ አዘሉ።

"ሐጂ፣ አልነካሁትም" ይላሉ እማማ ጀርባቸው ላይ ሆነው። "በሩን በጣቴም አልነካሁትም።"

"ዝም በይ አንቺ ሴት፣ አነቅሽኝ!"

ደረጃውን ወጥተን ከላይ ሆነን አየን። የፓፓያ ዛፎቹ አንድ በአንድ ሄዱ። ሎሚው ትንሽ ታገለ። የኔ ክፍል ግድግዳ ቁጭ እንደሚል ሰው ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ የቆርቆሮ ሳጥኔ ተንሳፍፎ ወደ ታች፣ ወደ መልካ ጀብዱ አቅጣጫ ሄደ። እማማ የሐሊማን እጅ ይዘዋል። ሬዲዮኑን ያጠፋው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ዝም ሲል የውሃው ድምፅ ብቻ ቀረ።

ሐጂ ወደ ሚስታቸው ዞር ብለው፣ "ሐሊማ፣ ማን ከፈተው?" አሉ።

"ተዘግቶም አያውቅም።"

"ማታ ማታ 'ቀርቅሬያለሁ' ትይኛለሽ።"

"እላለሁ።"

"ዋሸሽኝ?"

"አንተ እንቅልፍ እንዲወስድህ ነዋ። እኔ ደግሞ ተዘግቶ ቢሆን እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።"

ይህን ጊዜ እማማ ጣልቃ ገቡ። "የኔ መሐላ ሊገድለኝ ነበር፤ ያንቺ ውሸት አዳነኝ። ንስሐ አባቴ ይሄን ሲሰሙ ምን ይሉ ይሆን?" ሐጂ ሳይወዱ ሳቁ፤ ከዚያ ሁላችንም፣ ጥርሳችን እየተንገጫገጨ።

ሐዲዱ በጎርፍ ስለተበላ ባቡር ለጥቂት ጊዜ ቀረ። ስኳር ጠፋ፣ ላምባ ተወደደ፣ ሻይ ቤቶቹ ሻይ ያለ ስኳር እያቀረቡ "የጤና ነው" አሉ። የጥናታችን ሁለተኛ ጥያቄ እንዲህ ሳንጠራው መጣ። ራሱን የቻለ ቤት ብዬ ያስተማርኩበት ግቢ አሁን ጭቃ ነው። እማማ ሐሊማ ዘንድ ተቀመጡ፤ ፍየሎቹ ይታለባሉ፣ የቢዮ አዋሌዋ ወዳጃቸው አሸዋውን ዞራ ማሽላ አመጣች፤ "ሎሚ የለኝም" ሲሏት "ሲኖርሽ" አለች። ሐጂ ሩዝ ሰጡ። ለክፍሌ ይህን ሳስረዳ አንድ ነገር ታየኝ፤ ያ ቤት በፊትም ራሱን የቻለ አልነበረም፤ ማሽላው ከቢዮ አዋሌ፣ ማምለጫው ከሐጂ ነበር። ካርታውን እንደገና ሳልን። በዚህኛው ላይ የቀባነው ቤቶቹን አይደለም፤ ከቤት ወደ ቤት የሚሄደውን መስመር ነው፤ ማን ለማን እህል ይለውጣል፣ ማን በማን ግቢ ይወጣል። ከመስጊዱ በላይ ያለውም ድንጋያማ ቦታ ከጎርፍ መሸሻ ስለሆነ መስመር አገኘ።

እማማ ወደ አሸዋው ተመለሱ። "ውሃው የወሰደውን ያህል አፈር ትቶልኛል" አሉ፤ እውነትም በዚያ ደለል የበቀለው ቲማቲም የጡጫ ያህል ነበር። ክፍላቸውን ግን ከሐጂ ግንብ ጋር አስጠግተው ከፍ ባለ መሠረት ላይ ሠሩት፤ አትክልቱን ወደ ታች ተዉት። ለሁለቱ ጥያቄ መልስ የያዙት እሳቸው ናቸው፣ በእኔ ካርታና በሐሊማ በር። ሐጂ ደግሞ ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ መፍቻ ይዘው መጥተው መቀርቀሪያውን በገዛ እጃቸው ነቀሉት። ልማድ ግን አይነቀልም። እዚያ ቤት በኖርኩበት ጊዜ ሁሉ፣ ማታ ማታ፣ "ሐሊማ፣ ቀርቅረሻል?" ይሉ ነበር። "ቀርቅሬያለሁ!" ትል ነበር። ከግንቡ ወዲህ እማማ እየሳቁ ይተኛሉ፤ እኔም መተኛት ለመድኩ።

ሦስቱም ዛሬ በሕይወት የሉም። አፋፉ ላይ አሁን የሲሚንቶ ግንብ አለ፤ ቤቶቹ ከበፊቱ ይበልጥ ተጠጋግተዋል፤ ማዶና ማዶ ያለ ሰው ስም አይተዋወቅም። ደቻቱ በኋለኛው ዘመን ያደረሰውን ጥፋት ድሬ ታውቀዋለች፤ ሐዘኑ የባለቤቶቹ ነው፣ እኔ እዚህ አላነሳውም።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ምንም የሚያሰጋ ነገር በሌለበት፣ ቤታችሁ መሐል ቁሙ። የምታውቁት በር እንደሌለ ቁጠሩና በየት እንደምትወጡ ፈልጉ። ግድግዳ ካጋጠማችሁ እጃችሁን አኑሩበትና ከማዶ ማን እንደሚኖር ጠይቁ። ስሙን ካላወቃችሁት፣ ከመጨለሙ በፊት ዞራችሁ ሂዱና ደጁን አንኳኩ። ስለ አደጋ አታውሩ፤ ሰው ይደነግጣል። ጥቂት ሎሚ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጎረቤት ነኝ በሉ፣ ግቡ ሲሏችሁ ግቡ።